ብረቱን ያቆየው እጅ ነው፦ ስለ ድሮ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት እዚህ ሐዋሳ ውስጥ መኪና ካላቸውም ሆነ ሊገዙ ከሚያስቡ ሰዎች ስልክ ያልጠፋ አንድ ጽሑፍ አለ። የድሮዎቹን ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር የሚያወድስ፣ አማርኛው ያማረ፣ ከልብ የተጻፈ ነው። ለእኔ አምስት ሰዎች ልከውልኛል። አምስተኛው የእህቴ ልጅ ሲሆን፣ ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ ሻሸመኔ አንድ ላንድሮቨር አይቻለሁ፤ ይህን ካነበብኩ በኋላ ልቤ ተነሥቷል፣ ቀብድ ልክፈል?» የሚል ጨምሮበታል። ገንዘቡ እሱና ሚስቱ ከደመወዛቸው አምስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ነው። መልሱን ለእሱ ብቻ በስልክ ከምነግረው በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ፤ በእሱ ቦታ ሆነው ቀብድ ለመክፈል የተዘጋጁ ሌሎችም እንደሚኖሩ አልጠራጠርምና።

የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አባቴ በይርጋለምና በአለታ ወንዶ ዙሪያ ቡና ሲያሰባስብ የኖረው በሲሪዝ ሁለት ላንድሮቨር ነበር፤ እኔም ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ወደ በንሳ የምመላለሰው ጣሪያው ብረት በሆነው፣ ሃርድቶፕ በሚባለው ላንድክሩዘር ነው። ሁለቱንም መኪናዎች እወዳቸዋለሁ። ጽሑፉን የምቃወመውም መኪናዎቹ ያልሆኑትን ናቸው ስለተባሉ፣ ያንንም አምኖ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊያጣ ስለሚችል ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። የአገር አቋራጭ መኪና ሁሉ እናት ላንድሮቨር ናት፣ ላንድክሩዘር ከእሷ የተቀዳ ነው፣ ከመንገዳችን የጠፋችውም ሰው ፋሽን ተከትሎ ስለተዋት ነው ይላሉ። የአሉሚኒየም አካሏ ዝገት ስለማያውቅ ዕድሜዋ ወሰን የለውም ይላሉ። ኮምፒውተር የሌላቸው የድሮ መኪናዎች በየትኛውም መንደር በመዶሻና በቁልፍ ስለሚጠገኑ ይዞ ማኖራቸው ርካሽ ነው፤ ወፍራም ብረታቸው በአደጋ ጊዜ ሰው ያድናል፤ ፎርዊል እስካላቸው ድረስ የማይደርሱበት ቦታ የለም፤ ዋጋቸውም ስለማይወርድ እንደ ወርቅ ተገዝተው የሚቀመጡ ናቸው ሲሉ ይደመድማሉ። ከእነዚህ ነጥቦች መካከል ግማሽ እውነት ያላቸው አሉ፤ አንዱ ግን በጣም አደገኛ ነው፤ እሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ከታሪኩ ልጀምር፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካላመለከትኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1940 የአሜሪካ ጦር በአራቱም ጎማ የሚጎተት ቀላል መኪና እንዲሠራለት ኩባንያዎችን ሲጠይቅ፣ ባንታም የተባለ ትንሽ ኩባንያ በ49 ቀናት ውስጥ ናሙናውን ሠርቶ በሴፕቴምበር 23 አስረከበ። የባንታምን መንገድ ተከትለው ዊሊስና ፎርድ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ከ600,000 በላይ ጂፖችን አመረቱ። ላንድሮቨር የመጣችው ከዚህ ጂፕ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ በነበረው እርሻው ከጦርነቱ የተረፈ ጂፕ ይነዳ ነበር፤ ያ ጂፕ ሲያረጅ በምን እንደሚተካው ማሰቡ ነው ላንድሮቨርን የወለደው። የመጀመሪያው ናሙና በጂፕ ሻንሲ (ሌላው ሁሉ በሚያርፍበት የብረት አጥንት) ላይ የተሠራ ሲሆን፣ መኪናዋ ለሕዝብ የታየችው ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነበር።

የጃፓኑም ታሪክ ከዚያው ምንጭ ይነሣል። ቶዮታ በ1951 ለጃፓን ብሔራዊ የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል ያቀረበው መኪና ስሙ ራሱ «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» ነበር። በዚያው ዓመት ኢቺሮ ታይራ የተባለው የኩባንያው የሙከራ ሾፌር መኪናውን እየነዳ እስከ ፉጂ ተራራ ስድስተኛ ጣቢያ ድረስ ወጣ፤ ያም ሆኖ ሥራው የዊሊስን ጂፕ ለሚገጣጥመው ለሚትሱቢሺ ተሰጠ። ጂፕ የሚለው ስም የዊሊስ ንብረት ስለነበር ቶዮታ በ1954 መኪናውን ላንድክሩዘር ብሎ ሰየመው። በስሙ ረገድ ጸሐፊው ትክክል መሆናቸውን አምናለሁ፤ ስሙን ያወጡት ሃንጂ ኡሜሃራ ከላንድሮቨር ያላነሰ ክብር ያለው ስም መፈለጋቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። በብረቱ ግን ሁለቱም የአንድ ወላጅ ልጆች ናቸው፤ ከዚህ ተነሥቶ አንዷን እናት ሌላውን ቅጂ ማለት አይቻልም።

ላንድሮቨር ከመንገዳችን ለምን ጠፋች? ለፋሽን ብሎ የተዋት ሰው አላውቅም። አባቴ መኪናውን የተወው የሚወደው ሰው በሞት እንደተለየው ሁሉ አዝኖ ነው። በመኪናው የኋላ ወንበር ሥር፣ በዘይት በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክንድ የሚያህል ብረት ሁልጊዜ ይኖር ነበር፤ ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። በዚያ ዘመን ላንድሮቨሮች ላይ ይህ ዘንግ አሥር ጥርስ ብቻ ያለው፣ ከባድ ጭነት ላይ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የሚሰበር በመሆኑ፣ የሚያውቅ ሁሉ ትርፍ ይዞ ነበር የሚሄደው። እኛ ልጆች ሆነን አባታችን ዳገት ላይ ቆሞ፣ ጎማውን ሳያወልቅ መሃሉን ብቻ ፈትቶ፣ የተሰበረውን አውጥቶ አዲሱን ሲከት ፋኖስ የምንይዝለት እኛ ነበርን። መተኪያው እስከተገኘ ድረስ መኪናዋ አገልግላለች። መተኪያው ሲጠፋ ቆመች።

መተኪያው የጠፋበት ምክንያት በእንግሊዝ አገር ከሆነው ጋር የተያያዘ ነው። ሮቨር በ1968 በተመሠረተው በብሪቲሽ ሌይላንድ ሥር ገባ፤ ያ ግዙፍ ኩባንያ በኪሳራ ተንገዳግዶ በ1975 ወደ መንግሥት እጅ ተዛወረ። ላንድሮቨር ፈላጊ ሞልቷት ሳለ ማምረቻዋን የሚያሰፋ ገንዘብ አላገኘችም፤ ገዢዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ቶዮታ በዚያ ክፍተት ገባ፤ የገባውም በተሻለ ጉልበት ነው። በ1960 የወጣው የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘር 3.9 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ሲኖረው፣ የላንድሮቨር የተለመደው ሞተር 2.25 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ሰው የመረጠው ዳገት የሚወጣለትን፣ ሲሰበርም ዕቃው የሚገኝለትን ነው። እንዲህ ያለውን ምርጫ ፋሽን መከተል ማለት አባቶቻችንን ማሳነስ ይሆናል።

ስለ ዝገት የተጻፈው የእህቴን ልጅ ልብ ያነሣው ክፍል ነው። አካሏ ከአሉሚኒየም መሠራቱ እውነት ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ይከፋፈል ስለነበር፣ ሮቨር ቢርማብራይት የተባለውን የአሉሚኒየምና የማግኒዝየም ድብልቅ ለላሜራው ተጠቀመ። ነገር ግን የመኪናው ሸክም ሁሉ የሚያርፍበት ሻንሲም ሆነ በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ያለው ግድግዳ ተራ ብረት ነው። በዚያ ላይ አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ በሮቹ ግርጌ፣ ብሎኖቹ ዙሪያ፣ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ካበጠ በኋላ ሲነካ ነጭ ዱቄት የሚረግፈው ከዚህ የተነሣ ነው። በሲዳማ ደጋ ዝናብ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሻንሲ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፤ ሻንሲው ውስጡ ባዶ ሣጥን በመሆኑ ጭቃው በቀዳዳው ገብቶ ውስጡ ተጋግሮ፣ ክረምትም በጋም እርጥበት ይዞ ይኖራል። የአባቴ መኪና የመጨረሻ ጊዜ የተነሣችው በክሪክ ነው፤ ክሪኩ መኪናዋን ከማንሣት ይልቅ ሻንሲውን በስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ላሜራዋ በዚያ ቀን እንኳ ያብረቀርቅ ነበር።

አሁን ጸሐፊው ከሁሉ በላይ ትክክል ወደሆኑበት፣ ከሁሉ በላይም ወዳሳሳቱበት ነጥብ ልምጣ፤ ስለ ጥገና ያሉት ማለቴ ነው። የእኔ መኪና 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍታ ሞተር አለው፤ ቶዮታ ይህን ሞተር ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በ70ዎቹ ተከታታይ ላይ ሲገጥመው የኖረ ነው። የናፍታው ፖምፓ በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከበርሜል የተቀዳ ትንሽ ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ገብቶበት እንኳ የፊልትሮ ለውጥ ብዙ ጊዜ ያድነዋል፤ በአዲሶቹ ከፍተኛ ግፊት ባላቸው ሞተሮች ላይ ያው ናፍታ ኢንጄክተሮቹን ሁሉ ሊያስለውጥ ይችላል። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም።

«በመዶሻና በቁልፍ» የሚለው አባባል ግን ሰው ያከስራል። መኪናውን በገዛሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የቡና መድረሻ ወቅት ላይ፣ ከዳዬ እሸት ቡና አስጭኜ ስመለስ ሞተሩ ጸጥ አለ። አልጮኸም፣ አላጨሰም፤ ዝም ነው ያለው። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተስማምተው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው ቀበቶ) ተበጥሶ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወርድ ያየኋቸው ቫልቮች ተጣመው ነበር። የሚያሳዝነው፣ መኪናው አስቀድሞ ሊያስጠነቅቀኝ የተሠራ መሆኑ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ የቺንጋ መብራት አለ። መካኒኩ ዳሽቦርዱን ሲፈታው ከመብራቶቹ መካከል የአንዷ ቦታ ባዶ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው መብራቷ ስትበራ ቺንጋውን ከማስቀየር አምፖሏን አውጥቷል። ዕቃው ከአዲስ አበባ መጥቶ መኪናው እስኪነሣ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ስለዚህ አሥራ ስድስቱን ቀን አይሱዙ ተከራይቼ ነው ያሳለፍኩት፤ ኪራዩ ብቻ ከቺንጋው ዋጋ በብዙ እጥፍ በለጠ።

ያ ጥገና በመዶሻ አልተሠራም። የዚህ ሞተር ቫልቮች ክፍተት የሚስተካከለው ውፍረታቸው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለያይ ቀጫጭን ክብ ብረቶችን በመቀያየር ነው፤ ለዚህ ማይክሮ ሜትርና ትዕግሥት ያለው ሰው ያስፈልጋል። ፖምፓው ሲደክም ደግሞ የሚለካው በራሱ የመፈተኛ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ማሽኑ በየመንደሩ የለም። የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቁር ግራሶ ወደ ጎማው ግድግዳ ወርዶ ካየ፣ የጎማው ማዞሪያ ጉልበት ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው፤ ሳይነካ ከተተወ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ይቀላቀልና የውስጡ መገጣጠሚያ ደርቆ ይበላል። ይህን በጊዜው የሚያይ ሰው ትንሽ ወጪ ያወጣል። ያላየው የፊት አክስሉን ሙሉ ያሠራል። ማንኛውም ሰው ሊጠግነው ይችላል የተባለ መኪና ብዙ ጊዜ ማንኛውም ሰው የነካካው መኪና ሆኖ ነው የሚገኘው፤ አሮጌ የሚገዛ ሰው የሚወርሰው የእነዚያን ሁሉ እጆች ሥራ ነው።

ከእነዚህ መኪናዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚሄዱትን ሁሉ ብንመለከት፣ ከኋላቸው ዘይት በሰዓቱ የሚቀይር ባለቤት፣ አንድን ሞተር ሃያ ዓመት የሚያውቅ መካኒክ፣ የተሰበረውን አስመስሎ የሚያወጣ ባለ ቶርኖ አለ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ሰው ትተው ምስጋናውን ለብረቱ ሰጡት። እዚህ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባሌስትራ የሚሠሩትን፣ እጃቸው ከናፍታ የማይጸዳውን ልጆች የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ቅር ሊለው ይገባል። እኔን ቅር ብሎኛል።

አደገኛ ያልኩት ነጥብ ስለ አደጋ የተጻፈው ነው። ወፍራም ብረት ያድናል የሚለው እምነት በእኛ አገር ሥር የሰደደ በመሆኑ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ነገር ግን ግጭት ጉልበት ነው፤ ያ ጉልበት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። አዳዲሶቹ መኪናዎች ፊታቸው የሚጨማደደው ደካማ ሆነው ሳይሆን፣ ጉልበቱን ብረቱ እንዲጠጣውና ሰውየው ዘንድ ሳይደርስ እንዲያልቅ ታስቦ ነው። ፊቱ የማይጨማደድ መኪና የቀረውን ለደረትና ለአንገት ያስተላልፋል፤ በድሮዎቹ ላይ ደግሞ መሪውን የሚይዘው ግትር ዘንግ ከፊት ወደ ሹፌሩ የተመዘዘ ነው።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2009 የአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት መድን ተቋም የ1959 ቼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ቼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት በከፊል አጋጭቷቸዋል። ብዙ ሰው የጠበቀው የድሮው ብረት አዲሱን እንዲጨፈልቀው ነበር። የሆነው ግን፣ የአሮጌው መኪና የሹፌር ክፍል ተደርምሶ ውስጡ የነበረው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ የሚሞትበት ጉዳት ሲደርስበት፣ በአዲሱ መኪና ሹፌር ቦታ የነበረው አሻንጉሊት የደረሰበት የእግር ጉዳት ቀላል ነበር። የአንድ ኩባንያ ሁለት መኪናዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሃምሳ ዓመት ዕውቀት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁለት ቶን የሚያልፍ ሃርድቶፕ ከትንሽ አውቶሞቢል ጋር ቢጋጭ በክብደቱ ብቻ ውስጡ ላሉት የተወሰነ ብልጫ አለው፤ ይህን አልክድም። ያ ብልጫ ግን የሚከፈለው በሌላው ሰው አካል ነው። ሐዋሳ የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት፤ ከፓራውልት ፊት ተጨማሪ የብረት ቱቦ አስበይደን በፒያሳ ስንነዳ ቱቦው የሚደርሰው በብስክሌተኛው ወገብና በልጆች ደረት ልክ ነው። በዛፍ፣ በድልድይ ወይም በከባድ መኪና ፊት ደግሞ ብልጫው ይጠፋል።

በእነዚህ መኪናዎች የበለጠ የሚያሠጋው መገልበጥ ነው። ከመሬት ከፍ ማለታቸው ለድንጋይ መንገድ የሰጣቸው ጥቅም፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ላይ በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ዋጋ ያስከፍላል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ስድስት ጆንያ ሲጫን ደግሞ የበለጠ ይብሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ እባካችሁ የሃርድቶፑን ኋላ ተመልከቱ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ቀበቶ የላቸውም፣ የሚቀመጡባቸውም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻችንና እናቶቻችን ናቸው። መኪናው በድንገት ሲቆም እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር የለም፤ በጎኑ ነው የሚወረወረው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለዓመታት ቤተሰቤን እዚያ አስቀምጬ ይርጋለም ተመላልሻለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አግዳሚዎቹን አስወጥቼ፣ ወደ ፊት የሚያዩ፣ ቀበቷቸው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ወንበሮች አስገጥሜያለሁ፤ የሚጭነው ሰው ቁጥር ቀንሷል። ጽሑፉን አንብቦ ለቤተሰቡ ደኅንነት ብሎ አሮጌ ሃርድቶፕ ሊገዛ የተነሣ አባት ካለ፣ ከዚህ ምላሽ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን አንቀጽ እንዳይረሳ እለምነዋለሁ።

«ፎርዊል ካለ የማይደረስበት የለም» ስለሚለው ብዙ አልጽፍም፤ በንሳ ላይ በጥቅምት ዝናብ የወረደ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ቀዩ ጭቃ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ሲያለሰልሰው፣ መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚልከው ወደሚንሸራተተው ጎማ ነው፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በባዶ ከዞሩ መኪናው አራት ጎማ ይጎትተዋል ተብሎ ስም ይኑረው እንጂ ቆሟል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያወጣችሁ የጎማው ዓይነት፣ የነፋሱ መቀነስ፣ ካቴና፣ አካፋና የአካባቢው ሰው ትከሻ ነው። ከፍታም የራሱ ገደብ አለው፦ ከጎባ ወደ ዶሎ መና ሲታለፍ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተሬ እዚያ ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚሄደው። ከኋላዬ ተርቦ ያለው ትንሽ ፒክአፕ መጥቶ አልፎኝ ያውቃል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የእነዚህ መኪናዎች የብር ዋጋ በየዓመቱ መውጣቱን ማንም አይክድም። ግን ለምን ወጣ? የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያገለገሉ መኪናዎችን የማስገቢያ ታክስ አክብዷል፤ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በእጥፍ ዋጋ ሸጥኩ የሚል ሰው ያንኑ መኪና መልሶ ልግዛ ቢል በእጥፍ ነው የሚገዛው፤ ፖምፓውም፣ ኩሽኔታውም፣ ጎማውም ከዶላሩ ጋር አብረው ወጥተዋል። በእኔ መዝገብ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ሊትር ናፍታ ይጠጣል። ወርቅ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ናፍታ አይጠጣም፣ ቦሎ አይጠይቅም፣ ጎሚኒውም አይደርቅም። መኪና ግን ቆሞም ያረጃል፤ በጽሑፉ ተነሳስቶ ለልጆቼ ይቀመጣል ብሎ ገዝቶ በግቢ የሚያቆም ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያገኘው ፍሬኑ የነከሰና ናፍታው የተበላሸ መኪና ነው።

የእህቴ ልጅ ቀብዱን እንዳይከፍል አልከለከልኩትም። ባለፈው ቅዳሜ አብረን ሻሸመኔ ሄድን። ላንድሮቨሯ አረንጓዴ ቀለሟ አዲስ ነበር፣ ወንበሮቿ በአዲስ ቆዳ ተሸፍነዋል፤ ስትነሣም ድምፅዋ ጥሩ ነበር። ከሥሯ ገብቼ ሳይ ሻንሲዋ ከዳር እስከ ዳር ካትራሜ ተቀብቷል። ካቻቢቴውን ለልጁ ሰጠሁትና ከኋላው ተሻጋሪ ብረት ላይ እንዲጫን ነገርኩት። ካትራሜው ለመጀመሪያው ጣት ያህል ተቋቋመው፤ ከዚያ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ፣ ሲወጣም ቀይ ዱቄትና የደረቀ ጭቃ ይዞ ወጣ። በሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ግድግዳ ምንጣፉን ገልጠን ስናይ መሬቱ በቀዳዳው ይታይ ነበር።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ሲገዙ አላዩትም ነበር፣ ዋጋውንም ዝቅ አደረጉ። ልጁ ሊብሬውን መለሰላቸውና አመስግኖ ወጣ። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገረም፤ ጥቁር ውኃ ስንደርስ «ጋሼ፣ ሻንሲውን ቆርጦ የሚበይድ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አለ?» አለኝ። አንድ ሰው አውቃለሁ አልኩት። ሰኞ ዕለት ሄዶ አነጋግሮታል፤ የብረቱን፣ የብየዳውንና የግድግዳውን ወጪ በወረቀት አስጽፎ ይዞ መጥቶ፣ ከሚስቱ ጋር ተቀምጠው እየደመሩት ነው።